ለውድቀታችን የተጠየቀ ማኅተም

ለተከበሩ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ የቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በማረጋገጫ ቅጹ ላይ ባዶ ስለተተወው የመጨረሻ መስመር

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የተከበሩ የኮሚቴ አባላትዎን ጤና እጠይቃለሁ። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር የሰው ውድቀት የሚያነብ ሰው ዓይኑም ልቡም መድከሙ አይቀርምና፣ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ወገብዎን ያጽናልዎ፣ የሚቀመጡበትንም ወንበር ያለስልስልዎ እያልኩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ጨርቅ ስቆርጥ የደከመ ስለሆነ ክቡርነትዎን አይመለከትም።

ማን ናት ይህች ደፋር እንዳይሉኝ ራሴን ላስተዋውቅ። የእህቴ ልጅ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ለመግባት በጻፈላችሁ ድርሰት ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «ለውጥን አጥብቀው የሚቃወሙ አንዲት ነባር ሠራተኛ» ተብዬ የተጠቀስኩት እኔ ነኝ። ልጁን በቅድመ ሁኔታ መቀበላችሁን ገልጻችሁ፣ በድርሰቱ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን እንድናረጋግጥ አንድ ቅጽ በእናቱ ልብስ ስፌት ቤት አድራሻ ልካችሁ ነበር። ልብስ ስፌት ቤቱ ስለሌለ ቅጹን የተቀበለው አሁን ክፍሉን የተከራየው ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ እሱም ሰው ጠይቆ አፈላልጎ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ቅጹ የድርጅቱ ማኅተም ካላረፈበት ልጁ እንደማይገባ በደማቁ ጽፋችኋል። ድርጅቱ ቢጠፋም ማኅተሙ አልጠፋም፤ የስፌት መኪናዎቹ ተጭነው ሲወጡ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው አንስቼ ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ። በማኅተሙ ምን እንዳደረግኩ እደርስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሚገባችሁን ምስጋና በቁጥር ለይቼ ማቅረብ የዜግነት ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ድርጅት መሆናችንን ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን።

እኛ ራሳችንን የምናውቀው አንድ ክፍል፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ እህቴና አምስት ሠራተኞቿ ብለን ነበር። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፤ እህቴ ትለካለች፣ እኔ በሳሙና ስባሪ አስምሬ እቆርጣለሁ፣ ሌሎቹ ይሰፋሉ፣ ይዘመዝማሉ፣ ይተኩሳሉ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሁለተኛ ዓመት ሲጀምር፣ ወደ እናንተ መግባት የሚመኙ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት የዝግጅት ክበብ ገባ። የክበቡ አማካሪ የእናንተው ምሩቅ ሲሆን፣ አራት ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠው፦ የፈተና ውጤት፣ የመሪነት ልምድ፣ በቁጥር የሚገለጽ ለውጥ እና አንድ ውድቀት። ልጃችን ወረቀቱን ከአልጋው በላይ ለጠፈው።

ፈተናውን ተፈትኖ ከክበቡ አንደኛ ወጣ። እናቱ ውጤቱን ለሚገባውም ለማይገባውም ታሳይ ነበር፤ እኔ ብቻ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልነበረም። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እንኳ መልሱን በሦስት ነጥብ ከፍሎ ማስረዳት ጀመረ። መሪነቱ ነበር የጎደለው። በክበቡ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲል የየራሱን ማኅበር ስላቋቋመ፣ አባል የሚሆን ሰው ከየት ይምጣ? አማካሪው ታዲያ «ሩቅ ምን አስኬደህ፤ እናትህ ድርጅት የላትም እንዴ?» አለው። ድርጅት የሆንነው በዚያች ቀን ነው።

ሁለተኛ፤ ስንት ደቂቃ እንደምንኖር ስላስቆጠራችሁልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ በረጅሙ የትምህርት ዕረፍት መጣ። ለእኛ ያ ወቅት የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ቀና የምንልበት ጊዜ የለንም። እህቴ ሁላችንንም ሰብስባ፣ «ለሁለት ወር እሱ ያለው ይሁን፤ እኔ የምለፋው ለማን ሆነና?» አለች። ልጁም ኮምፒዩተሩን በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ዘርግቶ፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ እያንዳንዳችንን መለካት ያዘ። መርፌ ክር ለመሳብ የሚፈጀውን ለካ፤ ተኳሿ አፍንጫዋን ለመጠራረግ የሚፈጅባትን ሳይቀር ለካ። ሴቶቹ «አቶ ደቂቃ» የሚል ስም አወጡለት። እውነቱን ለመናገር አልጠላነውም። ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላ ነበር፣ የተቀላቀለ አዝራር በሳህን አድርጎ ይለይልን ነበር፤ ጠርዝ የምትዘመዝመው ዝምተኛዋ ሴትዮ ከራሷ ምሳ ቀንሳ ታስቀምጥለት ነበር። ይህን የምጽፈው ልጃችን ክፉ እንዳይመስላችሁ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሁለት ቀን ጊዜ ቁጠባ።

የዩኒፎርም ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይነከራል። ጣቃው ተፈትቶ ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሰገነት ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይተኮሳል፣ መቀስ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቁ ሲታጠብ መሰብሰቡ ስለማይቀር፣ የሚሰበሰበው እኛ ዘንድ ሆኖ ይሰብሰብ፣ ተማሪው እግር ላይ ሆኖ አይሰብሰብ ብለን ነው። ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል። አቶ ደቂቃ ሰንጠረዡ ላይ ይህንን ሥራ በቀይ ቀብቶ «እሴት የማይጨምር» የሚል ጻፈበት።

እኔም ተናገርኩ። «ልጄ፣ ይህ ጨርቅ ውሃ ሳያይ አይቆረጥም» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ቢለኝ ኖሮ ይሻል ነበር፤ እሱ ግን በጨዋ ደንብ አዳመጠኝ። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ከጣቃው ቆርጦ አጠበ፣ አደረቀ፣ በማስመሪያ ለካ። ቁራጯ የተሰበሰበችው በማስመሪያው ላይ አራት ጭረት ብቻ ነበር። «አየሽ አክስቴ፣ ይህ ቸል የሚባል ነው» አለኝ፤ ፈገግ እንዳለ። ሱሪ ግን መዳፍ አይደለም። መዳፍ ላይ አራት ጭረት የሆነው ሱሪ ላይ ሁለት ጣት ይሆናል፤ ይህን እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት አውቀዋለሁ፤ በፈተናችሁ ሒሳብ ማንም ያልደረሰበት ልጅ ግን ማባዛቱን ረሳው። በድርሰቱ ላይ ይህ ንግግራችን «የለውጥ ተቃውሞን በመረጃ ማለፍ» ተብሎ ተጽፏል።

የሚያንገበግበኝ ግን የእሱ ስህተት አይደለም፤ መቀሱን የያዝኩት እኔ መሆኔ ነው። እያወቅኩ ነው የቆረጥኩት። እህቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ «እታለም፣ በሴቶቹ ፊት ልጄን አታሳፍሪብኝ» አለችኝ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ሦስት መቶ አርባ ሱሪ ቆረጥኩ። በዚህ ጉዳይ ክቡርነትዎን አልከስም። ይህ የራሴ ነው፤ ከእኔ ጋር ይኖራል።

አራተኛ፤ ስለ ሠላሳ በመቶው።

የሥራ ጊዜያችን በሠላሳ በመቶ ቀነሰ። ትእዛዙ ከቀኑ ቀድሞ ደረሰ፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሳቸው ደውለው አመሰገኑ፤ አቶ ደቂቃም ቁጥሩን በድርሰቱ አንደኛ ጥያቄ ሥር አሰፈረ። እኛም ተጨበጨበልን ብለን ደስ አለን። ትምህርት ከተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልብሶቹ አንድ ጊዜ ታጥበው ሲመለሱ፣ እናቶች በራችን ላይ ተሰለፉ። የሱሪው እግር ቁርጭምጭሚት አልደርስ ብሏል፤ የወገቡ አዝራርና ቀዳዳው ተኳርፈዋል። አንዷ እናት ልጇን ይዛው መጥታ ነበር፤ ልጁ ጓደኞቹ እንደሳቁበት ሲነግረን እህቴ በመለኪያው ሜትር ጣቷን ትጠቀልል ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሱሪዎቹን በጆንያ መለሳቸው። አሥራ አንድ ዓመት የዘለቀው ውል በዚያ ሳምንት አለቀ፤ ሌላው ደንበኛችን ወሬውን ሰምቶ በሚቀጥለው ሳምንት ተከተለ። አቶ ደቂቃ የሦስተኛ ዓመት ዕረፍቱ አብቅቶ ስለነበር ጆንያዎቹ በመጡ በሁለተኛው ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። ጆንያዎቹ በሩን ዘግተውት ስለነበር ተሻግሯቸው ነው የወጣው። ሻንጣውን አሻግራ ያቀበለችው እናቱ ነበረች።

መኪናዎቹ ተሸጡ። ተኳሿ ሰው ቤት ገባች፤ ዝምተኛዋ ወደ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ ሁለቱ ሥራ ፍለጋ ላይ ታች ሲሉ ቆይተው የት እንደደረሱ አላውቅም። እህቴ ዛሬ በትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የሱሪ የግራ ኪስ ትሰፋለች። የቀኙ የሚሰፋው ሌላ መስመር ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱሪ ሰፍታ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ያለቀለት ሱሪ በእጇ ከያዘች ዓመት አልፏታል።

አምስተኛ፤ ለአማካሪያችሁ የተለየ ምስጋና አለኝ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ልጁ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ያዘነ መስሎኝ የማጽናናበትን ቃል እያዘጋጀሁ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በርቷል። አማካሪው ታሪኩን ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ጨብጦ፣ «አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ውድቀት ፈልገው ያጣሉ፣ አንተ ግን እውነተኛ ውድቀት፣ ያውም በማስረጃ አለህ» እንዳለው ነገረን። እህቴ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። እኔም ተከትዬ አልኩት። ክቡር ሆይ፣ የገዛ ቤቱ ሲፈርስ እንኳን ደስ ያለህ ያለ ሰው በቅበላ ታሪካችሁ መዝግባችሁ ከሆነ፣ ስሙን ብታሳውቁኝ ሄጄ እጠይቀው ነበር።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የቀረው ምስጋና አይደለም።

ከቅጹ ጋር የድርሰቱን ቅጂ አያይዛችሁ ስለነበር አነበብኩት። በሦስተኛው ጥያቄያችሁ፣ አመልካቹ በድርሰቱ እንደገለጸው ሠራተኞቹን በአካል ቀርቦ ይቅርታ መጠየቁን «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚል እንድናረጋግጥ ጠይቃችኋል። ድርሰቱ ውስጥ እንዲህ ይላል፦ «በእያንዳንዳቸው ፊት ቆሜ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ አምስታችሁም ያመናችሁኝን ያህል እኔ አላዳመጥኳችሁም አልኳቸው።» ያማረ አነጋገር ነው። ሳነበው ዕንባዬ መጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ይቅርታ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የእህቴ ልጅን ጨምሮ። ጆንያውን ተሻግሮ ከወጣ ወዲህ ስለዚያ ጨርቅ አንዲት ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም፤ ከሌሎቹ አራት ሴቶች ጋርም ከዚያች ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየም።

ማኅተሙን አልመታም አልኩ። እህቴ ከፋብሪካው እንደወጣች እየመጣች፣ ለሦስት ቀን ደጄ ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን ወንበር ስቤላት እንኳ ሳትቀመጥ፣ «እታለም፣ ስፌት ቤቱን የከፈትኩት ለእሱ ነበር፤ ለእሱ ሄደ፤ አንቺን ምን አገባሽ?» አለችኝ። ከእናታችን ሆድ ተከታትለን ወጥተን፣ አንዲት ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተን፣ እንዲህ ያለ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አንጀቴን በላችው። እንግዲያው ልጁ መጥቶ የጻፈውን ያድርገው፤ ያን ጊዜ እመታለሁ አልኳት። ውሸቱን እውነት የማድረግ ዕድል የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። እናቱ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ዓይን ዓይኔን እያየ ተናገረ። «ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናንተ አይደለም» አለ። «አምስታችሁም ያመናችሁኝን ያህል እኔ አላዳመጥኳችሁም» አለ። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሴቶች አልነበሩም፤ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ልጁ ይህን አላስተዋለም። ቃሉን አጥርቶ ስለያዘው በየት በኩል ትንፋሽ እንደሚወስድ እንኳ ያውቅ ነበር፤ ለቃለ መጠይቃችሁ ሲለማመደው እንደከረመ የገባኝ ያኔ ነው። ሲጨርስ በትክክል መናገር አለመናገሩን ለማወቅ ወደ እናቱ ዞሮ አየ። እህቴ ራሷን ነቀነቀችለት።

የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ስለነበር በትንፋሼ አሙቄ መታሁት። አዎ፣ አዎ፣ አዎ ብዬ ሞላሁላችሁ። ልጁ ግንባሬን ስሞኝ ቅጹን ይዞ ሮጠ፤ የቸኮለበትን ምክንያት አልወቅሰውም፣ ፖስታ ቤቱ የሚዘጋ መስሎት ነው፤ እሑድ መሆኑን ረስቶ።

አሁን ክፍላችሁ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቅጹን ስትመረምሩ የመጨረሻው መስመር ባዶ ሆኖ አግኝታችሁት ይሆናል። ጥያቄው «ድርጅቱ ከውድቀቱ እንዴት አገገመ? በአንድ መስመር ይመልሱ» የሚል ነበር። መስመሩ ጠቦኝ አይደለም። መልሱ አላገገመም የሚል አንድ ቃል ስለሆነ፣ ቃሉም ልጁን ስለሚያስቀረው፣ ልጁ እስኪገባ ድረስ እኔ ዘንድ አቆየሁት። ቅጹ ላይ ያለው ለእህቴ ስል የሰጠሁት መልስ ነው፤ የእኔው ይኸው ዛሬ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ደርሷችኋል።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ፤ ከዚህ በፊት ያልኩት ሁሉ ቢያስቀይማችሁ እንኳ ይህችን አትንፈጉኝ። ይህን አንብባችሁ ልጁን እንዳትመልሱብን። ብትመልሱት የእህቴ ቤት በከንቱ ፈረሰ ማለት ነው፤ እህቴም ይህንን ከሰማች የግራ ኪሱን መስፋት አትችልም። ስለዚህ እኔ በእናንተ ቆሽቴ ያረረው ሴት፣ ጠዋት ጠዋት ተነስቼ ልጁ በትምህርት ቤታችሁ እንዲሳካለት፣ እናንተም እንድትደሰቱበት፣ ትልቅ ሰው አድርጋችሁ እንድታወጡት እጸልያለሁ። ሌላ የምጸልየው ነገር አልተዋችሁልኝም።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ፣ እኛንም ከማናውቀው ድርጅትነት አንስተው ወደምናውቀው ሥራ ፈትነት በክብር ስለሸኙን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ የፈቀደልኝን ያህል እጅ እነሳለሁ።

ለውጥን አጥብቀው የሚቃወሙት ነባር ሠራተኛ

ግልባጭ፦
— ለዝግጅት ክበቡ አማካሪ፣ ለማስተማሪያነት ይጠቅማቸው ዘንድ
— ለእህቴ፣ እንዳታነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእህቴ ሴት ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በዚያው ክበብ ተመዝግባለች። ለመጪዎቹ ዓመታት የውድቀቱ ጥያቄ ቀርቶ «በቤተሰብዎ ስለደረሰ ከባድ ሐዘን ይንገሩን» በሚል መተካቱን ከክበቡ ሰምታ ነግራናለች። ልጅቷ ጠንቃቃ ናት፣ ቀደም ብላ መዘጋጀት ትወዳለች፤ አባቷ የሞቱት ነፍስ ሳታውቅ ስለሆነ ግን አማካሪው «በቂ ትዝታ የለሽም» ብሏታል። የቀረነው እህቴና እኔ ነን። የማመልከቻውን ማብቂያ ቀን በጊዜ ብታሳውቁን፣ ከሁለታችን ማናችን እንደምንቀድም ተቀምጠን እንመካከራለን።